አንጓች እና የግራዝማች ምሳ

ድሮ ነው፤ ከድሮም ወዲያ ማዶ ነው። ድንጋይ ገና ለስላሳ በነበረበት፣ ሹም ግን ያኔም ደንዳና በነበረበት ዘመን ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። የወፍጮው ወረፋ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም፤ ባለወፍጮውም ሞተሩን ፈታቶ መሬት ላይ ዘርግቶታል። እህላችሁን አስቀምጡና ቁጭ በሉ። የአንጓችን ነገር ላጫውታችሁ።

ግራርጌ ያን ጊዜ ሁለት ነበረች። ወንዙ መሐሏን ይቆርጣታል። ከወንዙ በላይ ላይ ግራርጌ አለች፤ አራሾቹ፣ ባለ በሬዎቹ፣ ባለ ርስቶቹ። ከወንዙ በታች ታች ግራርጌ አለች፤ እኛ ሸክላ ሠሪዎቹ። ላዮቹ በእኛ ጋን ጠላ ይጠምቃሉ። በእኛ ድስት ወጥ ይሠራሉ። በእኛ እንስራ ውኃ ይቀዳሉ። እኛን ግን ከደጃቸው አያሳልፉም። "ቡዳ ናቸው" ይላሉ። "ዓይናቸው ሰው ይበላል" ይላሉ። ልጆቼ፣ ዓይናችን ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ከስተን አንኖርም ነበር።

ሸንጎው የሚቀመጠው ላይ ግራርጌ ነው። ዳኛው ግራዝማች ወንድይራድ ናቸው። ግራዝማች ጢማቸው ሁልጊዜ የተበጠረ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነበሩ። የታች ሰው ክስ ሲኖረው ከሸንጎው አጥር ውጭ ቆሞ ይጮኻል። ነፋሱ ወደ ሸንጎው ከነፈሰ ይሰማል። ነፋሱ ወደ ወንዙ ከነፈሰ ግን "ከሳሽ አልቀረበም" ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። በዚያ ወቅት ደግሞ ነፋሱ ወደ ወንዙ መንፈስ ይወድ ነበር።

አንድ ዓመት ግራዝማች የሸክላ አፈር የምንቆፍርበትን ጉድጓድ በእሾህ አጠሩት። "ለጥጆቼ መሰማሪያ ነው" አሉ። አፈር የሌለው ሸክላ ሠሪ ምን ሊሠራ? እናቶቻችን ሩቅ ቆላ ወርደው አፈር በጀርባቸው ማምጣት ጀመሩ። ያ አፈር ክፉ ነበር። እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ድስቱ ተሰነጠቀ፣ ገበያው ቀረ፣ ረሃብ ገባ። ሽማግሌዎቹ "እንግዲህ ተበትነን እንሂድ" ማለት ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ከወደ ከተማ አዋጅ መጣ። "ከእንግዲህ የአጥቢያ ዳኛ በሹመት አይቀመጥም፤ የአገሩ ነዋሪ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በድምፁ ይመርጠዋል። ሊመርጥ የሚሻ ግን አስቀድሞ ይመዝገብ" የሚል አዋጅ። መዝጋቢው ማን ሆነ? ግራዝማች ወንድይራድ! ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይህ ነው። አዋጁን በላይ ግራርጌ በነጋሪት አስነገሩ። ነጋሪቱ ወንዙ ዳር ሲደርስ ዝም አለ።

አንጓች የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ሙጪት ልጅ ናት። ጋን አዝላ ከገበያ ገበያ የምትዞር፣ ቀጭን፣ እግረ ፈጣን ወጣት። በሕይወቷ ለማንም "እምቢ" ብላ አታውቅም። የምታውቀው "እሽ" ብቻ ነው። ግን የአንጓች እሽታ ከሌላ ሰው እምቢታ ይከፋ ነበር። እናቷ "አፍሽን ይዘሽ ሥሪ!" ካለቻት "እሽ እማዬ" ትልና በአንድ እጇ አፏን ይዛ፣ በአንድ እጇ ጭቃ ስታቦካ ትውላለች። ድስቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎኑ ይጣመማል። እናቷ ታዲያ "ኧረ አፍሽን ልቀቂው!" ብላ ትለምናለች።

በከተማው ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቂት ወጣቶች ተማማሉ። "ነጋሪቱ ዝም ባለበት ሁሉ እኛ እንሄዳለን" አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ማንም ስንቅ አልቋጠረላቸውም። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ሄደ። ወደ እኛ የመጣው ዳኘው የሚባል የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ጫማው አዲስ፣ ንግግሩ ረዥም።

ዳኘው የአፈር ክምር ላይ ወጣና ጮኸ። "የተከበራችሁ ወገኖቼ ሆይ! ከጥንት የተነፈጋችሁትን መብት ትቀዳጁ ዘንድ..."

ሰዉ ግብር ሰብሳቢ የመጣ መሰለው። ሮጦ ቤቱ የገባ ገባ። ያልደረሰ ጋን ውስጥ ገባ። ዳኘው ቢያይ ከጋን በቀር ማንም የለም። ግን ንግግሩን ማታ ሸምድዶታልና ማቆም አልሆነለትም። ለጋኖቹ ተናገረ። እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ "ወደ ኋላ አንመለስም!" ሲል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰና የጭቃ ማቡኪያው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ።

ከጋኖቹ አንዱ ሳቀ። አንጓች ነበረች። ከጋኑ ወጥታ ጎተተችው። እሱ ወጣ፤ አንድ ጫማው ግን ቀረ። ዛሬም ድረስ አንዳንድ የግራርጌ ድስት ወጥ ሲፈላበት ቆዳ ቆዳ የሚሸተው ለዚያ ነው ይባላል።

እግሩን አስታጠበችውና ከምድጃው የወጣ ቂጣ፣ ከማሳ የተነቀለ የሽምብራ እሸት አቀረበችለት። መንደሩ ሁሉ ከየጋኑ ብቅ ብሎ ያየው ጀመር። ዳኘው "ከሸክላ ሠሪ እጅ የበላ ሆዱ ይነፋል" እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ቂጣውን አየ። ሰዉን አየ። እሷን አየ። ላብ አጠመቀው።

"ብላ እንጂ፤ ካልራበህም ተወው" አለችው።

"ርቦኛል" አለና በላ። በላ፣ በላ፣ በላ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

ይህን ጊዜ መንደሩ ተሸበረ። "የነጋዴ ልጅ በእኛ ቤት ከሞተ ቤታችንን ያቃጥሉታል!" ተባለ። የመንደሩ አንጋፋ አባ ቸሬ ምርኩዛቸውንና ድመታቸውን ይዘው ለስደት ተነሡ። አንጓች ግን ሌማቱን አየችው።

"አንተ፣ ሽምብራው የት ሄደ?"

"በላሁት።"

"ለቤቱ ሁሉ የቀረበውን?"

"ለእኔ መስሎኝ" አለ ዳኘው እየቃተተ።

ጤና አዳም በጥብጣ አጠጣችው። ትንሽ ቆይቶ የዳኘው ሆድ እንደ ነጋሪት አንጎራጎረ፤ ከዚያ እንደ ነጋሪት ጮኸ። ልጁም ዳነ። "አዋጁ ታች ግራርጌ የደረሰው በዚያ ነጋሪት ነው" ይላሉ የእኛ ሰዎች። በልቶ ያልሞተውን ሰው አመኑት። አባ ቸሬም ድመቷን መሬት አወረዷት።

አንጓች አጠገቡ ተቀመጠች። "ይህ ድምፅ የምትለው ነገር ምንድን ነው?" አለችው።

"ዳኛውን አንቺ ትመርጫለሽ ማለት ነው።"

"ከአጥሩ ውጭ ቆሜ?"

"አጥሩ ውስጥ ገብተሽ።"

"ነፋሱ ወደ ወንዙ ቢነፍስም?"

"ወደየትም ቢነፍስ።"

አንጓች ባዶውን ሌማት አነሣች። ከዚያ "እሽ" አለች።

በማግስቱ አንጓች፣ ዳኘውና አባ ቸሬ ወንዙን ተሻገሩ። ሌላው ሰው ፈርቶ ቀረ። በግራዝማች ጽሕፈት ቤት በር ላይ ዘበኛ ደርበው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

"ዛሬ አይሆንም። ነገ ኑ" አለ።

"እሽ ጌታዬ" አለች አንጓች፤ እጅ ነሥታ ተመለሰች። በማግስቱ መጣች። ሁለት አክስቶቿን ጨምራ መጣች።

"ነገ ኑ።"

"እሽ ጌታዬ።" በማግስቱ መጣች። የአክስቶቿን ባሎች ጨምራ መጣች። ነገ በተባለች ቁጥር በመንገዷ ያገኘችውን "ና፣ ነገ ተብለናል" እያለች ታስከትላለች። የጽሕፈት ቤቱ ደጅ የገበያ ቀን መሰለ።

ደርበው ተናደደ። "ነገ ኑ አላልኳችሁም?"

"ብለውናል ጌታዬ። ነገ ነውና መጣን።"

"ዛሬ እኮ ዛሬ ነው!"

"እውነት ነው ጌታዬ። ታዲያ ትናንት ነገ ያሉን የትኛውን ነው?"

"ነገን ነዋ!"

"እሱ እኮ ይኸው መጣ። እኛም አብረነው መጣን።"

ደርበው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ገባና "ጌታዬ፣ ነገ መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ግራዝማች የቀለም ብልቃጥ ወረወሩበት። "አስገባቸው! እኔ አሳያቸዋለሁ!" አሉ።

ገቡ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጥግ ላይ አንድ ጋን ቆሟል፤ ውስጡ ግራዝማች ለዘር ያስቀመጡት ማኛ ጤፍ ነው።

"መምረጥ የሚችለው አእምሮ ያለው ሰው ነው" አሉ ግራዝማች ጢማቸውን እየደባበሱ። "አእምሮ እንዳላችሁ ልወቅ። በዚህ ጋን ውስጥ ስንት የጤፍ ፍሬ አለ? የመለሰ ይመዘገባል፤ ያልመለሰ ወደ ጭቃው ይመለስ።"

ዳኘው ዘሎ ተነሣ። "ግራዝማች፣ ይህ በአዋጁ የለም! ላይ ግራርጌዎችን እንዲህ ጠይቀዋል?"

"የእነሱ አእምሮ ፊታቸው ላይ ይታያል።"

ዳኘው ሊጮኽ ሲል አንጓች እጁን ያዘችው። "እሽ ጌታዬ" አለች።

"ምን እሽ?"

"እንቆጥረዋለን።"

ጋኑን አቅፋ አዘነበለችው። ጤፉ እንደ ጎርፍ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የታች ሰዎች ዙሪያውን ተቀመጡና መቁጠር ጀመሩ። አባ ቸሬ ዓይናቸው ደክሟል። አንዷን ፍሬ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያይዋታል። "አንድ" ይላሉ። "ቆይ፣ ይቺ ጤፍ ናት ትቢያ?" ይላሉ። ያስቀምጧታል፣ ትጠፋባቸዋለች፣ እንደ ገና "አንድ" ይላሉ። እትዬ ሙጪት በሌላው ጥግ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ዳኘው "ስንት ደረሰ?" ብሎ ሲጠይቃት ትስታለች፤ "አንተ ነህ ያሳሳትከኝ!" ብላ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

በሩ ክፍት ነበር። ነፋስ ገባ። ጤፉ ተነሣ። ግራዝማች ጢም ውስጥ ገባ፣ መዝገቡ ውስጥ ገባ፣ ደርበው አፍንጫ ውስጥ ገባ። ደርበው ሲያስነጥስ ደግሞ የቀረውም ወደ ደጅ ተበተነ። ደጅ ያሉት ዶሮዎች አዩት። አንዲት ዶሮ ገባች። ለጓደኞቿ ነገረቻቸው መሰለኝ፣ ላይ ግራርጌ ያለ ዶሮ ሁሉ ተጠራርቶ ገባ። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ጮኸ።

"ተዉት! ተዉት! ዘሬን!" አሉ ግራዝማች።

"እሽ ጌታዬ። ግን ዶሮዎቹ የበሉትን በስንት እንያዘው?"

ግራዝማች ሁሉንም አስወጡ፤ አንድም ሰው አልመዘገቡም። ግን ጥያቄው ሞተ። ላይ ግራርጌ ውስጥ ሰው ሰውን ባየ ቁጥር "አንድ! ጤፍ ናት ትቢያ?" እያለ ይሳሳቅ ጀመር። የገዛ ሚስታቸው እንኳ ዘሯ ባይሆን ኖሮ ትስቅ ነበር።

ሹም ሲሳቅበት ክፉ ነው። በገበያ ቀን የግራዝማች አሽከሮች መንገድ ላይ ጠበቁ። የታች ሴቶች ድስትና እንስራ አዝለው ሲያልፉ በዱላ መቱት። የዚያን ወቅት ጥቂቱን ደህና ዕቃ ሁሉ መንገድ ላይ ከሰከሱት። ዳኘው ልከልክል ብሎ መሐል ገባ። ክንዱን ሰበሩት። አባቱ ከከተማ በቅሎ ልኮ "ና ወደ ቤትህ" አለው። ዳኘው በቅሎዋን መልሶ ላከ። "ክንዴ እስኪድን መንገድ አይስማማኝም" አለ። በአፉ እንዲህ አለ እንጂ ሲያለቅስ አንጓች አይታዋለች።

እትዬ ሙጪት ገሉን በነጠላዋ ሰብስባ ቤቷ ተቀመጠች። የሰበሩባት የዘመኑን ልፋቷን ነው። አፈሩን ቆላ ወርዳ በጀርባዋ ያመጣችው ነው።

"አንጓችዬ" አለች። "ድምፅ ይቅርብን። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ስንጮኽ ኖረናል፤ ይኸው አለን። በሞቴ ተይው ልጄ።"

አንጓች እናቷን አየቻት። እንባ መጣባት።

"እሽ እማዬ" አለች።

እትዬ ሙጪት የልጇን እሽታ ታውቀዋለች፤ ወልዳዋለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታለቅሳለች ሲሉ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነው። "አይ የኔ እሽ ባይ!" አለች። ገሉን ደጅ ደፋችው፣ ነጠላዋን አራግፋ መቀነቷን አጠበቀች። "እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም" አለች። ያን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መቀነቱን አጠበቀ።

የምዝገባው መጨረሻ ቀን ደረሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ መዝገቡ ይዘጋል። ታች ግራርጌ እንዳለ ወንዙን ተሻገረ። የላይ ሰዎች ከየደጃቸው ቆመው ያያሉ። ግራዝማች በዚያ ቀን አዲስ ብልሃት አመጡ። "ወረፋ ይጠብቁ" አሉና ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀመጡ፤ ግን ማንንም አይጠሩም። ብዕር ይቀርፃሉ። ያዛጋሉ። ዝንብ ያባርራሉ። ዳኘው "ግራዝማች፣ ቀኑ እየሄደ ነው" ሲል "ቀን ሥራው መሄድ ነው" ይላሉ። ሐሳባቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ መቀመጥ ነው።

የታች ሰዎችም ቆሙ። በሩ ፊት ቆሙ፣ መስኮቱ ፊት ቆሙ። መስኮቱ መዝጊያ የለውም፤ የበሩም መዝጊያ ዶሮዎቹ በተባረሩ ጊዜ ተገንጥሎ ነበር። ቆመው ግራዝማችን ያያሉ። ሌላ ምን ይዩ?

ምሳ ሰዓት ሆነ። የግራዝማች ምሳ በአገልግል ተሸፍኖ መጣ። ክዳኑ ሲነሣ ሽታው ደጁን ሞላው። ያ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ የጮኸው ቀይ አውራ ዶሮ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልጮኸም። ግራዝማች እጃቸውን ታጠቡ። እንጀራ ቆረሱ። ወጡን ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ቀና አሉ። መንደር ሙሉ ዓይን!

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን "የታች ሰው ዓይን ይበላል፤ በፊቱ የበላ ሆዱ ይታሰራል" እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ላዮቹም ቆመው ያያሉ። ቢበሉ የተናገሩት ሐሰት ሊሆን ነው። ባይበሉ ራባቸው።

"ደርበው፣ ጋርደኝ!" አሉ። ደርበው ጋቢውን ዘርግቶ ጋረዳቸው። ደርበው ግን ቁመቱ አጭር፣ ጋቢው ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው በኩል የአባ ቸሬ ዓይን ታየ።

"ዓይናችሁን ጨፍኑ!" አሉ ግራዝማች።

"እሽ ጌታዬ" አለች አንጓች። "ጨፍኑ ተብላችኋል!" ብላ ለሰዉ ጮኸች። ሁሉም ጨፈነ።

ግራዝማች ጉርሻውን አነሡ። ተጠራጠሩ። "ጨፍናችኋል?"

"ጨፍነናል!" አለ ሰዉ።

"እንዴት አውቃለሁ?"

"ይዩን ጌታዬ" አለች አንጓች። ግራዝማች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። እሳቸው ሲያዩ መብላት አልቻሉም። ሲበሉ ማየት አልቻሉም።

"እኒያ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው ክፍት ነው!" ብለው ጮኹ።

"አንዱ ብቻ ነው ጌታዬ" አሉ አባ ቸሬ። "እሱም ደህና አያይም።"

ወጡ በረደ። ቅቤው ረጋ። የግራዝማች ሆድ ጮኸ፤ ዳኘው የተሰበረ ክንዱን እንደታቀፈ "ይህን ነጋሪት አውቀዋለሁ" አለ። ግራዝማች ተቁነጠነጡ፣ ጠረጴዛውን መቱ። "ከፊቴ ጥፉልኝ!"

"እሽ ጌታዬ" አለች አንጓች። "የተመዘገበ እኮ ወዲያው ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

ግራዝማች አገልግሉን አዩ። ፀሐይዋን አዩ። ፀሐይዋ ገና ሩቅ ናት፤ አገልግሉ ግን ቅርብ ነው።

"ና አንተ ሽማግሌ! ስምህ?"

"ቸሬ።"

"የአባት?"

"ዘገዬ።"

"ተመዝግበሃል! ወደ ቤትህ! ይዘኸው ሂድ ያን ዓይንህን! ቀጥል!"

መዝገቡ ላይ እንዲያ ብዕር ሮጦ አያውቅም። "ስምሽ? የአባት? ጥፊ! ስምህ? የአባት? ጥፋ!" አሉ። አንዱ ሲመዘገብ ጥንድ ዓይን ይቀነሳል። ግራዝማች በእያንዳንዱ ስም ወደ ዶሮው ይቀርባሉ። ደርበው ወረፋውን ለማሳጠር ብሎ ሰዉን እየገፋ ያስገባ ጀመር፤ ሲከለክላቸው ከርሞ አሁን "ቶሎ ግቡ እንጂ! ምን ትጎተታላችሁ!" ይላቸዋል።

በመጨረሻ አንጓች ብቻ ቀረች።

ግራዝማች ቀና ብለው አዩዋት። ዘመኑን ሁሉ "አንቺ ሸክላ" እያሉ ሲጠሯት ኖረዋል።

"ስምሽ ማን ነው?" አሉ።

"አንጓች።"

"የአባት?"

"ተሻለ። ሞቷል። ከአጥሩ ውጭ ሲጮኽ ነው የሞተው። ለእርሻ ማሳው ነበር፤ ነፋሱ አልረዳውም።"

ግራዝማች ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ከዚያ ጻፉ። "ሂጂ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር። ወደ አገልግሉ ዞሩ። ድመት! የአባ ቸሬ ድመት ተከትላቸው መጥታ ኖሯል። አገልግሉ ውስጥ ቁጭ ብላ እጇን ትልሳለች። ከዶሮው የቀረው አጥንት ነው።

አንጓች ልትስቅ ነበር። የሰውየውን ፊት ስታይ ተወችው። ከመቀነቷ የቋጠረችውን ቆሎ ፈታች። ራሷ አንድ እፍኝ ቃመች፤ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። "ይብሉ ጌታዬ። ቀኑ ለእርስዎም ረዥም ነበር" አለች።

ግራዝማች ወዲያ ወዲህ አዩ። ደርበው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ግራዝማች አንዷን ፍሬ አነሡ። ከዚያ ሌላ አነሡ። ከዚያ በእፍኛቸው ቃሙ። ሆዳቸው አልታሰረም። ደርበው ግድግዳውን እያየ የቆሎውን ኩርሽምሽም ሰምቷል፤ የሰማውንም ለሚስቱ ነገራት። ለደርበው ሚስት ነገሩ ማለት ደግሞ ለሁለቱም ግራርጌ በነጋሪት አስነገሩ ማለት ነው።

የምርጫው ዕለት ሸንጎው ላይ ሁለት ጋኖች ቆሙ። አንዱ የግራዝማች፣ አንዱ የእንየው ነው። እንየው የላይ ግራርጌ ድሃ አራሽ ነው፤ "ጉድጓዱን አስከፍታለሁ፣ የሸንጎውንም አጥር አነሣለሁ" ያለ። መራጩ ሁሉ ጠጠር ይዞ ይገባል፤ ከወደደው ጋን ይጥላል። እትዬ ሙጪት ጠጠሯን ስትጥል እጇን ከጋኑ ማውጣት ረስታ ብዙ ቆመች። "ምነው?" ሲሏት "እንዴት ነው የሚሰማው ብዬ ነው" አለች። የላይ ሰዎችም ብዙዎቹ በግራዝማች ቅጣት ተማርረው ነበርና ከታቾቹ ጋር ጣሉ። የእንየው ጋን ሞልቶ ፈሰሰ። የግራዝማች ጋን ግን ዘመድ ዘመዶቻቸው ጠጠር ሲጥሉበት ኳ! ኳ! ይል ነበር።

ጉድጓዱ ተከፈተ። አጥሩ ተነሣ። እንየው ዳኛ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያውን ክስ ያሰማችው አንጓች ናት፤ የአባቷን ማሳ ነገር። ቁጭ ብላ፣ በቀስታ ተናገረች። ሁሉም ሰማት።

አንጓች ሹመት አልጠየቀችም። ዳኘው ክንዱ ሲድን ወደ ሌላ መንደር ሊሄድ ተነሣ፤ አንዱ ክንዱ ትንሽ ተጣሞ ቀርቶ ነበር። "ትመጫለሽ?" ሲላት ምን እንዳለች ታውቁታላችሁ። ነጋሪት ወዳልደረሰበት ሁሉ አብረው ዞሩ። ተጋቡ የሚል አለ፤ አልተጋቡም የሚል አለ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንጓች አርጅታ የሞተችው ታች ግራርጌ ነው። ሲቀብሯት ላይና ታቹ ተጋፍቶ ነው አፈር ያለበሳት።

ከዚያ ወዲህ በግራርጌ ልማድ ወጣ። ምዝገባም ሆነ ምርጫ በሆነ ቀን መዝጋቢው በሩን ዘግቶ አይበላም። ገበታው ደጅ ይወጣል። ክዳኑ ይነሣል። የመጀመሪያውን ጉርሻ የታች ሴት ታጎርሰዋለች፣ ከዚያ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይቆርሳል። "የአንጓች ምሳ" ይባላል። የማይበላ መዝጋቢ አይመዘግብም።

አንድ አባባልም ቀረ። አምና ነው። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወረዳው ላይ ተቀምጦ ለአንዲት የግራርጌ አሮጊት "እማማ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ነገ ይምጡ" አላቸው። አሮጊቷ "እሽ ልጄ" አሉ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ለመሆኑ ምሳህን በስንት ሰዓት ነው የምትበላው?" አሉት።

ወጣቱ ሳቀ። ከጎኑ የነበረው አሮጌ ጸሐፊ ግን የግራርጌ ልጅ ነው። ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። "አንተ! ሳይመሽብህ ጻፍላቸው! ስማቸውን ጠይቅና ጻፍ!" አለው።

ጻፈ።

ይኸው ሞተሩም ተነሣ። ታሪኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳቦውን ለእኔ ተዉልኝ።